የማክሰኞ ራት

ታናሽ እህቴ ከቤሩት የተመለሰችው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የከተማዋ ወደብ ሲፈነዳ የምትሠራበት ቤት መስኮቶች በሙሉ ረገፉ፤ እሷን አላህ አተረፋት። ኑሮው ግን ከዚያም በፊት ከፍቶ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ወድቆ፣ ብዙ አሠሪ ደመወዝ መክፈል አቁሞ፣ የአገራችን ልጆች ሻንጣቸውን ታቅፈው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ሲወድቁ በቴሌቪዥን አይተናል። በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር እናታችን ትደነግጥ ነበር። እህቴ አገሯ ገብታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች በኋላም ስለዚያ ቤት ብዙ አታወራም፤ እኛም አንጎተጉታትም። ምን እንደሠራችና ምን እንደተማረች የገባኝ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ ምሽት ነው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። በጥቅምት የመስቃንና የማረቆ ገበሬ በርበሬውን ይለቅማል። በየደጁ የተሰጣው ዛላ ግቢውን ሁሉ ያቀላዋል፤ ነፋስ ብድግ ሲል አፍንጫ ይቆነጥጣል። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ወሩ ሥራ የሚከመርበት ነው። የምዝገባው ግርግር አልቆ ትምህርቱ መስመር ይዟል፤ የሚታረመው ደብተር ወደ ቤት ይመጣል። እኔ የማስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለሆነ እቤት የምደርሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ባለቤቴ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ሾፌር ነውና መቼ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የቤቱ ሥራ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

በእንዲህ ያለው ምሽት የሚያድነን ሽሮ ነው፤ ካልሆነም ፓስታ። ፓስታ ከጣልያኖች ጋር ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ የሁላችንም ሆኗል። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቲማቲሙ ይከተላል፣ ትንሽ በርበሬ ጣል ይደረግበታል፤ ስጎው እስኪደርስ ፓስታው ይቀቀላል፤ አንዳንዱ በእንጀራ ጠቅልሎ ይበላዋል። ዶሮ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዶሮ የበዓል፣ የእንግዳ፣ የአራስ ምግብ ነው። ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሥጋው 12 ብልት ሆኖ ይወጣል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ይቀመጣል፤ ሌላውም እንደየማዕረጉ ይታደላል፤ ለልጅ ክንፍና አንገት ይደርሰዋል። ፓስታ የድካም ቀን ምግብ፣ ዶሮ የክብር ቀን ምግብ ሆነው ስለኖሩ በአንድ ትሪ ላይ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚያ ማክሰኞ እናታችን ከገጠር መጥታ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። እንደ ልማዷ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ቆጮ፣ አይብ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች። ቅቤው የውጆ ነው። በጉራጌ ሴቶች ዘንድ ውጆ ማለት የአንዲት ላም ወተት ለብቻው ለመናጥ ስለማይበቃ ጎረቤታሞች ተራ በተራ ለአንዷ እያዋጡ ቅቤ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር ነው። የእናቴ ተራ ደርሶ ኖሮ ከድርሻዋ ከፍላ አመጣችልን።

ከትምህርት ቤት ስገባ እህቴ ማጀት ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እትዬ፣ ዛሬ ለእማ ዶሮ ልሠራላት ነው» አለችኝ።

«በዚህ ሰዓት?»

«አዎ። ከመግሪብ በኋላ ብዙ ሳንቆይ እንበላለን።»

ዶሮው ከጓሯችን ነበር። ሳሶ የሚሉት ዝርያ ነው። ኢትዮ ቺክን ጫጩቶቹን ለአሳዳጊዎች ይሰጣል፤ እነሱ 45 ቀን ያህል አሳድገው በየቤቱ ይሸጣሉ። እኛም ክረምት ሲገባ ከገዛናቸው ውስጥ አንዱ ጎረምሳ አውራ ዶሮ ሆኗል። የሀበሻ ዶሮ ሥጋዋ የሚጣፍጥ ቢሆንም ጠንካራ ናት፤ ረጅም ጊዜ በዝግታ መብሰል ትፈልጋለች። ሳሶ በወጣትነቱ ከታረደ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይበስላል። የእህቴ ስሌት እዚህ ላይ ነበር።

ቀጥሎ የሚያርድ ሰው መፈለግ ነው። በሃይማኖታችን ሴት ብታርድም ይበላል፤ ልማዱ ግን ለወንድ ሰጥቶታል፤ እናቴም ፊቷ ሴት ስታርድ ማየት አትፈልግም። ወንድ የሌለበት ቤት በሥራ ቀን ዶሮ ለመብላት ሲያስብ መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ነው። ወደ መንገድ ወጣሁ። ከማዶ ያለው ባጃጅ ነጂ ልጅ ለመግሪብ ሶላት ሊዘጋጅ ባጃጁን እያቆመ ደረስኩበት። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፤ ቢላዋውን በጥፍሩ ሞከረ፤ የዶሮውን አንገት ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ አለና በአንድ እጅ ጨረሰው። ምስጋናዬን እንኳ በወጉ ሳይቀበል ወደ መስጊድ ሮጠ።

የፈላው ውኃ ተዘጋጅቶ ስለነበር ላባው በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። እህቴ የቀረውን ጸጉር በነበልባል ለብለብ አድርጋ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጠበችው። ከዚያ ቢላዋውን ስትይዝ እጇን ማየት ጀመርኩ። እኛ መገጣጠሚያ እየፈለግን ነው ብልት የምናወጣው። እሷ ከደረቱ አጥንት ጎን ለጎን ቢላዋውን አስገብታ ሥጋውን በሁለት በኩል ሙሉውን ገፈፈችው፤ ከታፋውም አጥንቱን አወጣች። ከዚያ ሥጋውን ከጭረቱ አግድም እንደ ጣት አቀጠነችው። «እንዲህ ሲቆረጥ አይጠነክርም፤ ቶሎም ይበስላል» አለች። አጥንቱን፣ አንገቱንና ክንፉን ከሽንኩርት ጋር ትንሽ ድስት ላይ ጣደችው፤ የነገ ሾርባ። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ለነጩ ስጎ ወተት ያስፈልጋል። እህቴ ቤሩት ስትሠራ ክሬም በካርቶን ታሽጎ ከሱቅ ይመጣላት ነበር፤ በእኛ ሰፈር ሱቅ ግን እሱ አይገኝም። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ድቅል ላም አለቻቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ማክሰኞ ስለሆነ የፍስክ ቀን ነው፣ ወተቱም ለቤታቸው ይፈለጋል። ጆጉን ይዤ ስሄድ አልበው መጨረሳቸው ነበር። «ለእናትሽ ከሆነማ» ብለው ሞሉልኝ፤ ገንዘቡን ሳወጣ ተቆጡኝ። የሚያልቡበት ዕቃ በወይራ የታጠነ ስለሆነ ወተቱ ከሩቅ ይሸታል። እህቴ ጆጉን ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች። «ይኼን ሽታ እዚያ ፈልጌ አጥቼዋለሁ» አለች።

ወተቱ መጀመሪያ በደንብ ፈላ፤ ጥሬ ወተት ሳይፈላ ቢወሰድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። በረድ ሲል ላዩ ላይ የጋገረውን ስልባቦት በማንኪያ ሰብስባ ለብቻው በስኒ አስቀመጠችው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ምድጃው ቀዘቀዘ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ አጉረመረሙ። እህቴ ሳትናገር የከሰል ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣችና አቀጣጠለችው፤ ሁለተኛውንም ምድጃ ጨመረች። እኔና እናቴ ሰግደን ስንመለስ ፍሙ ፈክቷል፤ የእጅ ባትሪው በምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ዶሮውን በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በጨው አሽታው ነበር። መጥበሻው በደንብ ከጋለ በኋላ ጥቂት ዘይት አድርጋ፣ አንዱ ሥጋ በአንዱ ላይ ሳይከመር፣ በየተራ ጠበሰችው። «አንዴ ከከመርሽው ውኃ ያወጣና ይቀቀላል፤ አይጠበስም» አለችኝ። ሁለቱም ጎን ወርቃማ ሲሆን፣ አንዱን ገመሰችና ውስጡ ሮዝ አለመሆኑን በባትሪው ብርሃን አይታ አወጣችው። ስጎውን ግን በዚያው መጥበሻ አልሠራችውም፤ በሌላ ንጹሕ ድስት ጀመረችው።

እናቴ ያመጣችው ቅቤ ለጋ ስለነበር እህቴ ከቤታችን ንጥር ቅቤ ቀንሳ ጨመረችበት፤ ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ቀለጠ፤ በላዩ 3 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ገባ። ዱቄቱ ጥሬ ሽታው እስኪሄድ፣ ነገር ግን ቀለሙ ሳይጠቁር፣ በእንጨት ማንኪያ አመሰችው። ከዚያ ግማሽ ሊትር ወተት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስኒ በስኒ፣ እያማሰለች ጨመረችበት። አዲስ አበባ ላዛኛ የሚሠሩ ሰዎች በሻሜል የሚሉት ነው። ወተቱ በአንዴ ቢፈስስ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ግን እየወፈረ፣ እያብረቀረቀ ይሄዳል። ሲወፍር ስልባቦቱን ጨመረች።

አይቡ ላይ ስትደርስ የሠራችውን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። አይብ እንደ ፈረንጅ ፎርማጆ እሳት ሲነካው አይቀልጥም፤ እንደፈረፈረ ይቀራል። እሷ ሁለት እፍኝ አይብ ወንፊት ላይ አድርጋ፣ ለብ ያለ ወተት እያፈሰሰች በማንኪያ ጀርባ አሸችው፤ ከወንፊቱ ሥር ያለ አንዳች ፍርፋሪ ለስልሶ ወረደ። ያን ከስጎው ጋር ስትደባልቀው ለስላሳ ሆነ፤ ኮምጠጥ ያለ ጣዕምም ሰጠው። እናቴ በርጩማዋን ወደ ምድጃው አስጠግታ እጇን ትከተል ነበር።

«በርበሬ አይገባበትም?» አለቻት።

«አይገባበትም እማ።»

«በመስቃን በርበሬ ተሰጥቶ እያየሁ ነጭ ዶሮ ልበላ ነው!»

«ሚጥሚጣ በጎን አደርግልሻለሁ።»

ፓስታው በሁለተኛው ምድጃ ላይ ነበር። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ100 አይደለም። ስለዚህ በፓስታው እሽግ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ለእኛ አይበቃም። እህቴ ይህን በቁጥር አታውቀውም፤ በእጇ ግን ታውቀዋለች። «እዚያ ባሕር ዳር ስለነበርን ቶሎ ይደርስ ነበር» እያለች አንዲት ክር አውጥታ ትነክሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግማ ትነክሳለች። ልታጠልለው ስትል ከመቀቀያው ውኃ አንድ ብርጭቆ አስቀረች። ውኃው ከፓስታው የወጣ ስታርች አለበት፤ ስጎው ሲደርቅ ያላላዋል፣ ከፓስታውም ጋር ያያይዘዋል።

ዶሮው ከመግባቱ በፊት አንድ ሳህን ነጭ ፓስታ ለብቻ ወጣ። ወተት የሰጡን ጎረቤታችን የልጅ ልጅ ከልጆቼ ጋር ውሎ የሚያድር ያህል እኛ ቤት ነው፤ ማታም አብሮ ይበላል። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውንም እኛ አንበላም። በቡታጅራ ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል፤ ማንም በማንም አያዝንም። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ያ ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወጡ ከሥጋው ስለማይለይ ሌላ ማድረግ አይቻልም። በዚያ ምሽት ግን ስጎው ለብቻው፣ ሥጋው ለብቻው ስለተሠራ እሱም ከእኛው ድስት፣ ከአያቱ ላም ወተት የተሠራውን በላ። እህቴ ይህን አስቀድማ አስባበት እንደነበር የገባኝ ሳህኑን በንጹሕ ማንኪያ ሞልታ ስታቀብለው ነው።

የቀረው ተደባለቀ። ፓስታው፣ ስጎው፣ የተጠበሰው ዶሮ፣ ከላይ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ቃሪያ። ባለቤቴ የገባው በዚያው ሰዓት ነው፤ 1 ሰዓት ተኩል አልሞላም። ትሪው መሐል ላይ ተቀመጠ። እናቴ ቆጮዋን አልተወችም፤ ፓስታውን በቆጮ እየያዘች ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። ዝም ብላ አላመጠች። ልጆቼ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

«ይኼን ነው ለሰው ስትሠሪ የኖርሽው?» አለቻት።

«አዎ እማ።»

«እነሱ ሲበሉ አንቺ የት ነበርሽ?»

እህቴ ትንሽ ዘገየች። «ቆሜ አቀርብላቸዋለሁ። እነሱ ሲነሡ ወጥ ቤት ገብቼ የተረፈውን እበላለሁ።»

እህቴ ይህን ስትናገር እንኳ ቆማ ነበር፤ ውኃ ልትቀዳ፣ ጨው ልታቀብል። እናቴ ከጎኗ ያለውን ፍራሽ መታ መታ አደረገች። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያቅርብ» አለች። እኔ ተነሣሁ። እናቴ ከትሪው ደህና አድርጋ ጠቀለለችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእህቴ ሰጠቻት፤ ጉርሻ አንድ አይሆንምና ደገመቻት። እህቴ በዚያ ምሽት አለቀሰች። ከተመለሰች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እያለቀሰች በላች፤ ሁላችንም በላን።

በትሪው ላይ ለማንም የተለየ ብልት አልነበረም። ሥጋው ደቅቆ በሁሉም ጎን ተሠራጭቷል፤ ትንሹ ልጄ ካለበት ጠርዝ የሚያገኘው አባቱ ካለበት ጠርዝ ከሚገኘው አያንስም። አንድ ዶሮ ያን ሁሉ ሰው አጠገበ፤ አጥንቱ ደግሞ በማግስቱ ሾርባ ሆኖ እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ጠበቃት። የዶሮ ወጥን ማዕረግ እወዳለሁ፤ በበዓል ቀን ፈረሰኛ ለአባት ሲቀርብ ማየት ደስ ይለኛል። ለሥራ ቀን ግን ይኼኛው አመጋገብ ይሻላል። በሥራ ቀን ሁላችንም እኩል ደክመን ነው የምንቀመጠው።

በኋላ ስለዚህ ምግብ አነበብኩ። ከ100 ዓመት በፊት አልፍሬዶ ዲ ሌልዮ የሚባል ሰው ሮም ባለው ምግብ ቤቱ ፓስታን በቅቤና በፓርሜዛን አይብ ብቻ ለውሶ ያቀርብ ነበር። ምግቡ አሜሪካ ሲሻገር ክሬም ተጨመረበት፤ ዶሮም የገባበት እዚያ ነው። በዚያ መልክ ዓለምን ዞሮ ቤሩት ያሉ ቤቶች ደረሰ፤ ከዚያ በአንዲት የመስቃን ልጅ እጅ ቡታጅራ ገባ፤ እዚህ ደግሞ የውጆ ቅቤ፣ የወይራ ሽታና የገጠር አይብ አገኘ። በየደረሰበት የአገሩን ነገር እየለበሰ ነው የመጣው።

በእኛ ሰፈር ልጅ ከአረብ አገር ስትመለስ የሚጠየቀው «ምን ይዛ መጣች?» ነው። መልሱ የሚለካው በወርቅ፣ በቤት፣ በባንክ ደብተር ነው። ባዶ እጇን መጣች የተባለች ልጅ አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። እህቴም እንደዚያ ተብላለች። እኔ ግን በዚያ ማክሰኞ ያየሁት ሥጋ ከአጥንት የሚለይ እጅ፣ እሳትን በዓይን የሚለካ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ፣ ክሬም ሲታጣ አይብ በወንፊት የሚያሳልፍ ብልሃት፣ ጎረቤት እንዳይቀርበት አስቀድሞ የሚያስብ ልብ ነው። ይህ የዓመታት ሙያ ነው፤ ደመወዙ በወጉ ባይከፈልም ሙያው የእሷ ነው። ከስደት የተመለሱ እህቶቻችንን ስንቀበል መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ከምንጠይቃቸው፣ የሚያውቁትን እንዲያሳዩን ማጀቱን ብንለቅላቸው ብዙ የምናገኝ ይመስለኛል።

ያ ራት ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሆኗል። ዶሮ ሲጠፋ በተቀቀለ እንቁላል፣ እንቁላል ሲጠፋ በጎመን ይሠራል፤ ትልቋ ልጄ በሻሜሉን ሳይጓጉልባት ማማሰል ተምራለች። እናቴም ከገጠር ስትመጣ አይቡን አብዝታ ትይዛለች፤ ለውጆ ጓደኞቿም እንዴት እንደሚሠራ ነግራቸዋለች። እህቴ ስታቀርብ ግን ደንብ አለ፦ ትሪው መሬት ከነካ በኋላ እሷ አትነሣም። ጨው የጎደለው ተነሥቶ ያመጣል።